መካከል ላይ የተቀመጠች ነጥብ

እርቅ የሚባል ነገር አልወድም። እንዲህ ስል እናቴ ታማትባለች፤ ታማትብ። ሳልታረቅ ያስታረቁኝን ቀን ያህል የተዋረድኩበት ቀን የለኝም።

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ሳስተምር ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ቢሮ እንጋራ ነበር። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የሚካኤልንም ጽዋ አብረን ነው የምንጠጣው። የምርምር ሥራችንም አንድ ነበር፣ ብላዛር መከታተል። ብላዛር በጣም ሩቅ ያለ ጋላክሲ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ የሚተፋው ጨረር በቀጥታ ወደ እኛ ያነጣጠረ። አንዳንዴ በጋማ ጨረር ቦግ ይላል። ከዚያ በኋላ በራዲዮ ሞገድም ይጨምር እንደሆነ ለማወቅ፣ ዓመት ከዓመት ሳይታክቱ መለካት ነው። የሚለካው ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ አንቴና ነው። እኛ መብራትና ኔትወርክ አብረው የመጡ ቀን ልኬቱን በኢንተርኔት እንቀበልና ነጥብ በነጥብ ግራፍ ላይ እናኖራለን።

የእኛ ብላዛር ለዓመታት ዝም ያለ ነበር፤ የራዲዮው መስመር ሜዳ ነው። አንድ ጊዜ በጋማ ቦግ አለና ራዲዮውን በጉጉት መጠበቅ ጀመርን። ወራት ቆይቶ አንዲት ነጥብ ከሁሉም በላይ ከፍ ብላ መጣች። ወዲያው አንቴናው ለጥገና ቆመ። ሥራ ሲጀምር ብላዛሩ ወደ ቀድሞ ቦታው ወርዷል። በራዲዮ ከፍ ማለቱን የምትመሰክር ያቺ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት።

"እናውጣት" አለኝ። የጻፍነውን ፔፐር የገመገመው ሰው ተጠራጥሯታል፤ የእሱ የማዕረግ እድገት ደግሞ በፔፐሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ለምን?"

"ያን ቀን ንፋስ ነበር ይላል። አንቴናው ዒላማውን ስቶ ነው።"

"ዒላማውን ከሳተማ ልኬቱ ይቀንሳል እንጂ ይጨምራል እንዴ? ፊዚክስ የተማርከው የት ነው?"

"አንተ እልኸኛ ነህ።"

"አንተ ደግሞ ሆዳም!"

ሆዳም ማለት አልነበረብህም ይሉኛል። ነበረብኝ! ያቺ ነጥብ እንደገና አትለካም፤ ያ ቀን አልፏል። ከነጥርጣሬዋ ትቀመጥ፣ አንባቢ ይፍረድ፣ አለዚያ ስሜን ከፔፐሩ አውጣ አልኩት። ከዚያ በኋላ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን፣ እኔ የሰካሁትን እሱ እየነቀለ፣ እሱ የከፈተውን መስኮት እኔ እየዘጋሁ ከረምን።

በሚካኤል ማኅበር ጽዋውን ሲያቀብለኝ እጄን ሰበሰብኩ። የሁለታችንም የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ "ተጣልቶ ጽዋ የለም!" ብለው ለእሑድ ቀጠሩን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ቤት ስደርስ ከይጁቤ አንድ ሽማግሌ አስመጥተዋል። በእርሻ ድንበር ክርክር አገር ያወቃቸው ናቸው፤ ሊጋደል የተነሳ ስንቱን ጎረቤት አስታርቀዋል። እኔ ግራፉን ይዤ ሄጃለሁ። ጉድ እኮ ነው! ሽማግሌው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ነጥቧን በጣታቸው ነኳት።

"እቺ ናት ያጣላቻችሁ?"

"እሷ ናት" አልኩ።

"እዚህ ላይ ናት ነው የምትለው?"

"እኔ አይደለሁም አባቴ፣ አንቴናው ነው የሚለው።"

"ተው ልጄ፣ የሌለ ምስክር አትጥራብኝ" አሉና ወደ ባልደረባዬ ዞሩ። "አንተስ?"

"ከነአካቴው የለችም እላለሁ አባቴ" አለ አንገቱን ደፍቶ። አንገት መድፋት ሲያውቅበት!

ሽማግሌው ከቄሱ ጋር ተያዩ። "እንግዲህ ወንድማማች ናችሁ። እሱ ከከፍታዋ ትንሽ ይልቀቅ፤ አንተም መኖሯን እመን። መካከል ላይ ትቀመጥ። ስሙንም እንዳታወጣው፤ የወንድምን ስም መፋቅ ነውር ነው።"

በእሳቸው አልፈርድም። ድንበር ሲያስታርቁ ድንጋዩን መካከል ላይ ያስተክላሉ፤ መሬት ደግሞ ይካፈላል። አንጀቴን ያሳረረኝ የእሱ መልስ ነው። ስለ ልኬት ስህተት ተማሪ ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው፣ ተነስቶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመና "እሺ አባቴ፣ ተቀብያለሁ" አለ።

"ምኑን ነው የተቀበልከው?" ብዬ ጮህኩ። "መካከል ላይ ማን ለካ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!"

"ልጄ፣ ሽማግሌ ፊት ነህ" አሉኝ ቄሱ።

"አባ፣ እርስዎስ በወንጌሉ ቃል ሁለት ሰው ቢጣላ፣ ቃሉን ከሁለት ከፍለው ያነቡላቸዋል?"

ፊታቸው ጠቆረ። ሊያሳልሙኝ ያወጡትን መስቀል ወደ ኪሳቸው መለሱት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ስሜ "ሽማግሌ የረገጠው" ሆነ። ማኅበሩም ተወኝ፣ ክርስትና ያነሳሁትም ልጅ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል።

ፔፐሩ ወጣ። ነጥቧ መካከል ላይ ተቀምጣለች፤ ስሜ ሁለተኛ ላይ አለ።

"ስሜን አውጣ አላልኩህም?"

"ሽማግሌ የፈረደውን እኔ አላፈርስም" አለኝ፣ ደስ ብሎት።

ስሜን እንዲያወጡ ለአሳታሚዎቹ ጻፍኩ። ሁለታችሁም ፈርሙ አሉ፤ እሱ አልፈረመም። እድገቱን አገኘ፣ ደግሷል፣ ተበልቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ኤዲያ! እኔ ሲጠራ አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን አቅፋ ቢሮዬ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ በዚያው ብላዛር ላይ ነው። የአንቴናውን የራሱን ልኬት አውርዳ ከእኛ ግራፍ ጋር አስተያይታዋለች።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንቴናው በዚህ ቀን የለካው ከዚህ በጣም ከፍ ይላል። ይቺን የእናንተን ማን ነው የለካት?"

"ሽማግሌ" አልኳት።

ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅኩ ስታይ ሳቋን ዋጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጽዋውን፣ ሽማግሌውን፣ ያልተፈረመውን ደብዳቤ፣ አንድም አላስቀረሁም። ታዝንልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ላፕቶፗን ዘጋችና ቆመች።

"የሰማሁት ሁሉ እርስዎ ለልኬት ሽማግሌ የረገጡ ሰው እንደሆኑ ነው" አለችኝ። "ሥራዬን በዚህች ነጥብ ላይ የጀመርኩት ስምዎን አይቼ፣ አምኜ ነው።"