«ተቀበይ» የማይሰማው ሸክላ

አልጣሽ ቅናቷን መደበቅ አታውቅበትም። ደብረ ማርቆስ፣ ወይዘሮ ሥራነሽ ጠጅ ቤት፣ ባሏ ፈንታ ማሲንቆ እየመታላት የምትዘፍን አዝማሪ ናት። ማንጠግቦሽም እዚያው አግዳሚ ላይ አብራት ትዘፍን ነበር፤ ፈንታ ለሁለቱም ይመታል። በኋላ ማንጠግቦሽ አዲስ አበባ ገባችና የራሷን ግጥምና ዜማ በሳክስፎንና በፒያኖ አስቀርጻ አንድ ሙሉ ሸክላ አወጣች። ጃዝ የሚሉት ነው አሉ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ሸክላውን ከነማጫወቻው ገዝተው ከአልጣሽ መቀመጫ ፊት ለፊት አኖሩት።

«እሷ አይደክማት፣ አትቆጣ» አሉ። «እስከ ሰኔ ጾም እንይ። ጠጪው ሸክላውን ከመረጠ እናንተ ሌላ ቤት ትፈልጋላችሁ።»

አልጣሽ ጆሮዬን አልሰጣትም ብላ ማለች። ሸክላው ሲዞር ደጅ ወጥታ እንዝርቷን ታሾራለች። ፈንታ ግን ውስጥ ሆኖ በእግሩ መሬቱን ሲመታ ታየዋለች። አንጀቷን ያሳረራት ይኸ ነው።

«ከናፈቀችህ አውቶቡሱ ያውልህ» አለችው።

የግንቦት ዝናብ እንደ ጀመረ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢያዝን የሚባል፣ ሮብ ገበያ ከሚሉት አገር የመጣ ገበሬ ገባ። የወንድሙን ተዝካር ገና ማውጣቱ ነው። ብርሌውን እንደ ጨበጠ ወደሚዘፍነው ሸክላ ዞረና እንደ ወጉ ስንኝ ሰጠ።

«ተቀበይ!
ዝናቡም መጣልኝ፣ መሬቱም ራሰ፣
አብሮኝ የሚጠምደው ወንድሜ ፈረሰ።»

ማንጠግቦሽ የራሷን ዘፈን ቀጠለች። «ተቀበይ እንጂ» አላት ደግሞ። ጠጪው ሳቀ። የቢያዝን ዓይን እንባ ሞላ።

«የሰው ሐዘን የማትቀበል ምን ዓይነት አዝማሪ ናት?» አለ።

አልጣሽ በር ላይ ሆና ሰማች። ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል፣ በሰው እንባ ደስ አላት። ገብታ፣ ወይዘሮ ሥራነሽን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ የማጫወቻውን መርፌ አነሣችው።

«ለኔ ይስጡኝ፣ ጌታዬ።»

ሰጣት፤ ተቀበለችው። ቢያዝን በጋቢው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ወይዘሮ ሥራነሽም ዓይናቸውን ጠርገው ማጫወቻውን ጨርቅ አለበሱት።

ፈንታ ብቻ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ዜማው የማንጠግቦሽ ነው። አንድም ሳይጎድል የማንጠግቦሽ ነው፤ ሳክስፎኑ የሚገባበት ላይ እንኳ ትንፋሿን ይዛ ጠብቃለታለች።

አልጣሽም ያን ጊዜ የራሷን ድምፅ ሰማችው። አፈረች።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችው። «ምታ።»