ያስቆረጥኩት ዋንዛ

ሥራ የጀመርኩት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከዲላ ወደ ቡሌ በሚወጣው መንገድ፣ መኪና ካወረደ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ዳገት በእግር በሚያስወጣ ቀበሌ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። የዲላ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ እንሰትን የማውቀው ቆጮ ሆኖ ሲቀርብ ነው። ከኮሌጅ ይዤው የወጣሁት ደብተር ግን ሁሉን ያውቃል ብዬ አምን ነበር። ያንን እምነት ከየት እንዳመጣሁት ማሰቡ ራሱ ዛሬ ይደክመኛል።

የጌዴኦ ገበሬ ጓሮ ለማያውቀው ሰው ጫካ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በእንሰቱ መሀል ቡና። ደብተሬ ስለ መስመርና ስለ ርቀት እንጂ ስለዚህ የሚለው አልነበረውም። በሁለተኛው ወር የአንድ ሽማግሌ ጓሮ ገባሁና ቀና ብዬ አይቼ፣ "አባባ፣ ጥላው በዝቷል። ይህ ዋንዛ ቢቆረጥ ቡናው ይሻለዋል" አልኳቸው።

ዛፉን ረጅም ጊዜ አዩት። "አንተ ካልክ እሺ። መንግሥት ነው የላከህ" አሉኝ። እኔን ሴቷን አንተ ያሉኝ አማርኛቸው ሴትና ወንድ ስለማይለይ ነው። እሺታቸው ይሉኝታ እንጂ ስምምነት አለመሆኑን የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለኔ ነው።

ዋንዛው ሲወድቅ ለምግብ ሊደርስ ጥቂት የቀረውን እንሰት ደፈጠጠው። ይህ ሳያንስ በጋው ሲገባ ጥላ ያጣው ቡና ቅጠሉ ተቃጠለ። ሽማግሌው ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ጎረቤቶቻቸው ግን ስመጣ ሲያዩ በራቸውን ይዘጉ ጀመር። ሰላምታዬን የሚመልስ ሰው ሲጠፋ የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ዲላ ለሚኖሩት ተቆጣጣሪያችን ላክሁ።

ተቆጣጣሪያችን የጌዴኦ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በሦስተኛው ቀን ያንን ዳገት ወጥተው ደጃፌ ላይ እያለከለኩ ተቀመጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ውሃ ጠየቁኝ።

"እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ" አሉ ጠጥተው ሲያበቁ፣ "የስንቱን ሰው እንሰት አስነቅዬ በቆሎ አስዘራሁ። በረዶ መታው።"

"ታዲያ ያኔ ምን አሉዎት?"

"ማንም ምንም አላለኝም። ዓመቱን ሙሉ ብቻዬን ተቀመጥኩ። እዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው።"

እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ሲወጣልኝ ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበት ሶንጎ ይዘውኝ ሄዱ። በጌዴኦኛ ብዙ ተናገሩና ወደ እኔ ዞረው፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላስተምራት ነው የላክኋት ብያቸዋለሁ። አሁን አንቺ ይቅርታ ጠይቂ" አሉኝ። ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹም ተመካክረው፣ ምትክ ችግኝ በገዛ እጄ እንድተክልና ክረምቱን ከባለ ጓሮው ጋር እየሠራሁ ጥላ ምን እንደሆነ እንድማር ፈረዱብኝ። ከኮሌጁ ይልቅ ያ ፍርድ አስተማረኝ።

ተቆጣጣሪዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየአሥራ አምስት ቀኑ መጡ። ሥራዬን ዞረው ያያሉ እንጂ አያሞግሱም። "ይህቺ ጥሩ ናት፣ ይህቺ ግን ትቅርብሽ" ብለው ይሄዳሉ። በዚህ ሙያ ያቆየኝ ያ ነው፤ ደመወዙማ ማንንም አያቆይም።

አሁን የተቆጣጣሪነቱ ወንበር የኔ ነው። ሥራው ሪፖርት ነው፣ ስብሰባ ነው፣ የስብሰባው ሪፖርት ነው። ባለፈው ዓመት ከቡሌ ማዶ የተመደበች አዲስ ተመራቂ ትደውልልኝ ነበር። "እትዬ፣ ገበሬዎቹ አልቀበል አሉኝ። አንድ ቀን መጥተው ቢያዩልኝ?"

"እመጣለሁ የኔ ልጅ፣ ይህ ሳምንት ይለፍ" እላታለሁ። ውሸቴን አልነበረም። መኪናው ነዳጅ የለውም፣ እኔ አቅም የለኝም፣ ሳምንቱም አያልፍም። ሦስት ጊዜ ደውላ አቆመች። እውነቱን ልናገርና ስልኩ ዝም ሲል ደስ አለኝ። ለምዳዋለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከወራት በኋላ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ከተከመሩት ወረቀቶች መሀል የሥራ መልቀቂያዋ ወጣ። ሁለት መስመር ነው፤ ማንንም አይከስም። ፈርሜ ማኅተም አስመታሁበት። በሳምንቱ አንዲት ወጣት ቢሮዬ ገብታ ቆመች። ከወረቀቴ ቀና ሳልል፣ "ምን ልርዳሽ? ከየት ነው የመጣሽው?" አልኳት።

"መልቀቂያዬን ልወስድ ነው፣ እትዬ" ስትለኝ ድምፅዋን አወቅሁት። መልኳን ሳይ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።