ገሪብና የማይነጋገሩት ማሽኖች

ገሪብ ዕድሜውን የፈጀው ሰው በማሻገር ነው። ከፖርት ሰዒድ ወደ ፖርት ፉአድ፣ ከፖርት ፉአድ ወደ ፖርት ሰዒድ፣ የማሻገሪያውን ጀልባ መሪ ጨብጦ ቀኑን ሙሉ በመካከላቸው ያለውን የመርከብ ቦይ ሲያቋርጥ ይውላል። መኪናውም፣ የአህያ ጋሪውም፣ ሙሽራውም፣ የተጣላውም የታረቀውም አንድ ወለል ላይ ቆሞ ይሻገራል፤ አንተ የዚያኛው ወገን ነህና ውረድ የሚባል የለም። ስለዚህ ሁለት የመጫወቻ ማሽን ሠሪዎች የእኔ ደንበኛ ካንተ ደንበኛ ጋር አይጫወትም ተባብለው ዓመታት መኮራረፋቸውን ሲያስብ ደሙ ይፈላል። “ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው” ይላል ለጀልባው ሠራተኞች። “ሚስት አላቸው፣ ልጅ አላቸው። አያፍሩም?”

ሠራተኞቹ በሆዳቸው ይስቃሉ። ጢሙ የሸበተ ሰው በጌም ምክንያት ምሳው አልበላ ሲለው እያዩ እንዴት አይሳቁ? እሱ ደግሞ ሁሉንም አይነግራቸውም።

የነገሩ ሥር ልጁ ሾሩቅ ናት። ሚስቱ ስትሞት ሾሩቅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አባትና ልጅ ቤት ውስጥ ተፋጠው ቀሩ፤ እሱ የሚለው ጠፋው፣ እሷም እንደዚያው። ገሪብ ግራ ሲገባው አንድ ቀን ገበያ ወጣና ከሁለቱ ሠሪዎች የአንደኛውን፣ ጥቁሩን የመጫወቻ ማሽን ከኳስ ጨዋታ ጋር ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈ ዓርብ ጠዋት ዓሣውን ይፍቃል፣ ሆድ ዕቃውን ያወጣል። ሾሩቅ ሰባት ዓመት ዓሣ ስትፍቅ ኖረች። አልፎ አልፎ በአንድ ጎል ታሸንፈዋለች፤ ያኔ ገሪብ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ዳኛው ያወራል።

ዋናው ነገር ግን ወሬው ነበር። ጆይስቲክ እጃቸው ላይ ካለ፣ ዓይናቸውም ቴሌቪዥኑ ላይ ከተተከለ፣ ሁለቱም አፋቸው ይፈታል። በፈተና መውደቋንም፣ የእናቷን ድምፅ መርሳት መጀመሯንም የነገረችው ኳስ እያቀበለች ነው። “ባባ፣ አንድ ሰው ለጋብቻ ሊጠይቀኝ ይፈልጋል” ያለችውም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ነው። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች።

ሰውዬው ዋጊህ ይባላል፤ በስተደቡብ ርቃ በምትገኘው በአስዩጥ ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ለመተጫጨቱ ፋቲሓ የሚቀራበት ቀን ሽማግሌዎቹ ማን ምን እንደሚገዛ ተነጋግረው ወርቁንም፣ ማቀዝቀዣውንም፣ መጋረጃውንም ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረሱ። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያመጣው ሙሽራው ነውና ገሪብ ጉሮሮውን ጠራርጎ የመጫወቻው ማሽን የትኛው እንደሆነ ጠየቀ።

“ነጩ ነው ያለኝ፣ ዓሚ” አለ ዋጊህ፣ እንደ አጎት አክብሮ እየጠራው።

“ጥቁሩን ትገዛለህ።”

“ከልጅነቴ ጀምሮ ነጩን ነው የምጫወተው። ጓደኞቼ በሙሉ እዚያ ናቸው።”

“እኔስ የት ነኝ?”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በወርቅ የፈረሰ ጋብቻ ያውቃሉ፣ በአልጋ የፈረሰም ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለውን ግን ሰምተውም አያውቁ። ዋጊህ ጥቁሩ ቤቴ አይገባም አለ፤ የክለቡን መለያ አውልቅ የተባለ ይመስል ፊቱ ቀላ። ገሪብን አንተ ነጩን ግዛ ሲሉት ለአማቼ እጄን ልስጥ ወይ ብሎ ተነሣ። ነገሩን ያበረደችው ሾሩቅ ናት። ሁለቱን ማሽን ሊያገናኟቸው ነው እየተባለ ነው፣ ትንሽ ታገሡ ብላ አባቷንም እጮኛዋንም አስቀመጠች። ተጋባች፣ አስዩጥ ገባች።

ገሪብ ታገሠ ለማለት ያስቸግራል። በቅርቡ ተባለ። ከዚያ ጥናት ላይ ነው ተባለ። ከዚያ አንደኛው ኩባንያ ለሕፃናት ደኅንነት ሲባል ቸኩለን አንከፍትም አለ፤ ሌላኛው እኛ በራችን ክፍት ነው፣ እነሱ ናቸው የዘጉት አለ። ገሪብ ይህን ሁሉ የሚሰማው ጀልባው ላይ ከሚሳፈሩ ጎረምሶች ነው። ስለ ጌም ሲያወሩ ከሰማ መሪውን ለረዳቱ ሰጥቶ ይወርድና ተከፈተ ወይ ይላቸዋል። አልተከፈተም ሲሉት ራሳቸው የዘጉት ይመስል ይገላምጣቸዋል።

ስልክማ ነበረ። በስልክ ግን ገሪብ ሰው አይደለም። በላህ ትለዋለች፤ በላሁ ይላታል። ምን በላህ ስትለው ምግብ ይላታል። ደህና ነሽ ይላታል፤ ደህና ነኝ ትለዋለች፤ ደህና ትሁን አትሁን በምን ይወቅ? ስልኩን ሲዘጋ ልጁን የበለጠ ያጣት ይመስለዋል። ይሄ ነው ምሳውን ያስጠላው።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከጎረምሶቹ አንዱ ከመውረጃው ላይ ሆኖ ተከፍቷል አለው። ገሪብ ተረኛውን በግድ አስገብቶ ቤቱ በረረ። ሳይደውልላት ድንገት ገብቶ ሊያስደነግጣት አሰበ፤ ነጩ ላይ የምትጠቀምበትን ስም ነግራዋለች። ማሽኑን ከፈተ፣ ከሌሎች ማሽኖች ጋር የሚለውን ተጫነ። ከዚህ አገልግሎት ለመጠቀም የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ደግሞ ተጫነ። ወላጅህን ጥራ አለው። የገሪብ አባት ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ማሽኑን የሸጠለት ሰው ጋ ደውሎ ሲጮህ ምክንያቱ ተገኘ። እዚያ ሰፈር ማሽን ሲሸጥ አካውንቱን የሚከፍተው ሻጩ ነው፤ ሻጩ ደግሞ ሰው ተሰልፎበት እያለ የልደት ዓመት አይጠይቅም፣ የዓመቱ ቁጥር የቆመበት ላይ ተጭኖ ያልፋል። የቆመው ማሽኑ የተሸጠበት ዓመት ላይ ነበር። ስለዚህ ገሪብ እንደ ማሽኑ አቆጣጠር ገና ስምንት ዓመቱ ነው። ከማንም ጋር ኦንላይን ተጫውቶ ስለማያውቅ እስከዚያች ቀን የጠየቀው አልነበረም። ሻጩ ተረጋግቶ በቃ አዲስ ክፈት አለው። ገሪብ እየተሳደበ አዲስ ከፈተ። ስም ምረጥ ሲለው የጻፈው ሁሉ ተይዟል እየተባለ፣ በመጨረሻ ማሽኑ ራሱ ያቀረበለትን ተቀበለ። ፈጣን ሽንኩርት ይላል።

ለሾሩቅ የግጥሚያ ጥሪ ላከ። ወዲያው ተቀበለች። የማሽኑን መነጋገሪያ እንዴት እንደሚከፍት ስላላወቀ አንድ ጎል አስቆጥሬ ደውዬ እስቅባታለሁ ብሎ ጀመረ።

ኳስ አልነካም። በቀኝ ሲጠብቃት በግራ ትመጣለች፤ ሲሮጥባት ታቆማለች፣ ሲቆም ትሮጣለች። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሳሎኑ ውስጥ ታይቶ አያውቅም። ስድስት ለባዶ ወጣ። ዋጊህ ነው የተጫወተው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሲሞክር ስልኩ ጮኸ።

“ባባ፣ ተከፍቷል እኮ። አንተን እየጠበቅኩ አንዱ ፈጣን ሽንኩርት የሚባል መጣብኝ። ስድስት አስቆጠርኩበት። ጀማሪ ነው መሰለኝ፣ ያሳዝናል።”

ገሪብ ቴሌቪዥኑ ላይ የቀረውን ስድስት ለባዶ ደግሞ አየው።

“ባባ? አለህ?”

“ሽንኩርቱ እኔ ነኝ።”

ከጀርባዋ ዋጊህ ሊስቅ ጀምሮ ሲያፍን ተሰማ።

“ሰባት ዓመት ሙሉ ስትለቂልኝ ነበር?”

“ሁልጊዜ አይደለም።”

“ሾሩቅ።”

“እሺ። ሁልጊዜ። አልፎ አልፎ በአንድ ጎል የማሸንፍህ እንዳትነቃ ነው።”

ገሪብ ተንጨረጨረ። ጀልባ ሙሉ ሰው ፊት ልጄ ጎበዝ ናት፣ እኔን ግን አትችለኝም ሲል መኖሩ ትዝ አለው። መከላከል እንዴት እንደሆነ እየተነሣ እያስቆማት አስተምሯታል፤ እሷም አንገቷን እየነቀነቀች ሰምታዋለች። ለምን አላት፣ ጮሆ።

“እማማ ከሞተች በኋላ እራት ትበላ የነበረው ስታሸንፍ ብቻ ነው” አለችው። “መጀመሪያ ቀን አሸነፍኩህ፣ ሳትበላ ተኛህ። በሚቀጥለው ለቀቅኩልህ፣ ሁለት ሳህን በላህ። ከዚያ እንዴት ላቁም?”

ንዴቱ አልሄደለትም፤ የሚጥልበት ቦታ ግን አጣ። ልጅ ያሳደገ መስሎት ነበር እኮ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ጥሪ ላኪልኝ አላት። ባባ ተው ስትለው ላኪ ብያለሁ አለ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ አጠገቡ ሶፋው ላይ አስቀመጠው።

ሁለት ጎል ቶሎ ቶሎ ገባበት፤ በረኛውን ከነዘሩ ሰደበ። ሾሩቅ እየተጫወተች የዋጊህ እናት ሳይነግሯት እየገቡ ማድ ቤቷን እንደሚያገላብጡ፣ ሁለት ቀን እንዳለቀሰች፣ ለዋጊህም እንዳልነገረችው፣ አሁን ግን አጠገቧ ሆኖ እየሰማ እንደሆነ ተረከችለት። ገሪብ እህ እያለ ሰማ። ከዚያ የእሷ አጥቂ ከበረኛው ጋር ብቻውን ተገናኘና ኳሷን ወደ ኋላ መለሳት። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትለቅለት አላስተዋለም ነበር።

“አየሁሽ” አላት። “ምቺው።”

መታችው።