የዘርአይ የፊት ሸራ

ባለቤቴ ዘርአይ በቂርቆስ የሚታወቀው በድንኳን ሰፊነቱ ነው። በ2005 በሕመም ሲያርፍም ለቅሶ የተቀመጥነው ራሱ በሰፋው የእድራችን ድንኳን ውስጥ ነበር። ባሕረኛ እንደነበረ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ምጽዋ በባሕር ኃይል የማሠልጠኛ ጀልባዎችን ሸራና ገመድ ሲጠግን ኖሮ፣ ሠራዊቱ ሲበተን አዲስ አበባ ገባ። የሚያውቀው ሸራ ስለነበር ሸራ መስፋቱን ቀጠለ።

ባቦጋያ ሐይቅ ላይ አንዲት አሮጌ ትንሽ የሸራ ጀልባ ነበረችው። ሸራ ይሰፋለት የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄዳት ናት። አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ዘይት ይወርዳል። እኔ ቤት ሆኜ ያሰጣሁትን ልብስ እያየሁ እውላለሁ። ነፋሱ አንሶላውን ባነሳው ቁጥር ልቤ ይሰቀላል።

በ1996 ድንኳን ሲተክል ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተጎዳ። ክንዱ ከጆሮው በላይ አልወጣ አለ። ጀልባዋ ሁለት ሸራ አላት። ትልቁን ተቀምጦ ያወርደዋል። የፊተኛውን ለማውረድ ግን አፍንጫዋ ላይ ተንበርክኮ በሁለት እጅ መታገል አለበት። በሚያዝያ አንድ እሑድ እስከ አንገቱ ርሶ መጣ።

"ምን ሆንክ?"

"ተንሸራተትኩ።"

በማግስቱ ጠዋት ሻይ እያቀረብኩለት፣ "ወይ ተቀምጠህ የምታወርደው ሸራ አድርግላት፣ ወይ ጀልባዋን ለሰው ስጣት" አልኩት።

"ለማን?"

"ለፈለገ። መዋኘት ለሚችል።"

ሻዩን ጠጥቶ፣ "እሺ፣ ካልተሳካልኝ እሰጣታለሁ" አለ።

ሲያፈላልግ ሰነበተ። የፊት ሸራውን በተወጠረበት ሽቦ ዙሪያ እንደ ሰሌን የሚጠቀልል ዕቃ አለ። ከኋላ ተቀምጦ ገመድ መሳብ ብቻ ነው። ላንጋኖ የሚያውቀው ሰው ከውጭ የመጣ አሳየው፤ ረጅም የብረት ቱቦ ያለው፣ ለትልቅ ጀልባ የተሠራ። "ምሰሶዋ እንደ እኔ ትከሻ ነው፣ ይህን አይችልም" ብሎ ተወው። ሌላው መንገድ መጠቅለሉን ትቶ፣ ከሸራው የላይኛው ጫፍ ቀጭን ገመድ አስሮ፣ ከፊት ባለ መዘውር አሳልፎ ወደ መቀመጫው ማምጣት ነው። ሲሳብ ሸራው ይወርዳል። ይህን ዘርአይ አልወደደውም። "መውረዱንማ ይወርዳል። ግን ተዝረክርኮ ነው" አለ። ድንኳን ሲያጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ እንደገና የሚዘረጋ ሰው ነው።

ስለዚህ ቄራ ሰፈር የብረት በር የሚበይደው ያደታ ዘንድ ሄዶ የሚጠቀልለውን አሠራ።

"ጋሼ ዘርአይ፣ እኔ እኮ በር ነው የምሠራው" አለ ያደታ።

"በሩም ይህም በኩሽኔታ ነው የሚዞረው።"

"ቢሰምጡ እትዬ ጽገረዳ እኔን ነው የሚይዙኝ።"

"እኔን ይዛኝ ስትጨርስ ነው አንተ ጋ የምትመጣው።"

ያደታ ከሞተር ሳይክል ጎማ እምብርት፣ ገመድ የሚጠመጠምበት ትንሽ ከበሮ ሠራ። ዘርአይ ግቢያችን ውስጥ ሽቦ ወጥሮ ሲሞክረው ሸራው ያለ አንዳች እንከን ተጠቀለለ። ገመዱ ከድንኳን ሥራው ያመጣው ቃጫ ነበር። ድንኳን ተካይ ናይለን አያምንም፣ ያንሸራትታል ይላል። ቃጫ ዝናብ ሲነካው ያብጥና ቋጠሮው ይጠብቃል፤ ድንኳኑም በለቀስተኛ ላይ አይወርድም።

በሚቀጥለው እሑድ አብሬው ልሄድ ተነሣሁ።

"ዋና አትችይም" አለኝ።

"አንተስ በአንድ እጅ ትችላለህ?"

አብረን ሄድን። ረፋዱ ጸጥ ያለ ነበር። ከምሳ በኋላ ውሃው ጠቆረ፣ ነፋስ መጣ። ዘርአይ ገመዱን ሳበ። ሸራው እስከ ግማሹ ተጠቅልሎ ቆመ። ደግሞ ሳበ፣ ወይ ፍንክች። ውሃ ሲረጨው የዋለው ቃጫ አብጦ ከበሮው ውስጥ ተቀርቅሯል። ግማሹ ሸራ እየተርገበገበ ጀልባዋን ወደ ጎን አጋደላት።

"ጽጌ፣ ይህን የመሪውን እንጨት ያዢ። ወደ ነፋሱ አዙሪያት።"

"ነፋሱ በየት ነው?"

"ፊትሽን የሚመታሽ በየት ነው?"

በሆዱ እየተሳበ ወደ ፊት ሄደ። የማየው የጫማውን ሶል ብቻ ነበር። ዓይኔን ከዚያ አላነሣሁም። በሸራ መቁረጫ ቢላዋው ቃጫውን ሲቆርጠው ሸራው በሙሉ ተዘረጋ፣ ጀልባዋም ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ሸራው የተሰቀለበትን ገመድ ለቆ፣ በደህና እጁ እየጎተተ አውርዶ ተኛበት። እንጨቱን ዳርቻ እስክንደርስ አልለቀቅሁም።

ዘርአይ የተቆረጠውን ቃጫ አገላብጦ አየው። "ለድንኳን ጥሩ ነበር" አለ።

ያደታ ሲሰማ፣ "በቃ፣ በናይለን እንቀይረዋ! ማለቴ፣ ችግሩ ገመዱ ነው እንጂ ከበሮው አይደለም" አለ።

"የገመዱን አሁን አወቅነው። ያላወቅነው ሌላም ይኖራል" አለ ዘርአይ። "ይህ ዕቃ በተቀረቀረ ቁጥር ፊት ድረስ መሄዴ ነው። ለጽጌ ያልኳት ደግሞ ተቀምጬ አወርዳለሁ ነው።"

ከበሮውን ፈታና ያንን ያልወደደውን አደረገ። ናይለን ገመድ ከሸራው ጫፍ አስሮ፣ በመዘውር አሳልፎ፣ መጨረሻውን እኔ በምቀመጥበት በኩል ቋጠረው።

ክረምቱ ወጥቶ ስንሄድ ነፋሱ አልቀረም። "አሁን" አለኝ። ሳብኩት። ሸራው ዝናብ ሲመጣ ከገመድ ላይ እንደሚሰበሰብ ልብስ ክምር ብሎ ወረደ፤ አንድ ጠርዙ ውሃ ውስጥ ገባ። ዘርአይ ሊያጥፈው ብድግ አለ።

"ተቀመጥ" አልኩት።

ሸራውን ትንሽ አየውና ተቀመጠ።