አባቴ የመነጠሩት ጫካ

እኛ አገር፣ ጅማ አጠገብ ሰቃ፣ ቡና ያለው ሰው ለቀማ ሳይደርስ ይመነጥራል። ከቡናው ሥር የበቀለውን አረምና ቁጥቋጦ በገጀራ ያጭዳል፤ የወደቀው ፍሬ እንዲታይ፣ እባብም እንዳይደበቅ። ከላይ የቆመውን ዋንዛ የሚነካ የለም፣ ቡናው ጥላ ይፈልጋል። እኛ ምንጣሮ የምንለው ይህንን ነው። ያልመነጠረ ሰው ሰነፍ ይባላል።

ፈረንጆቹ የሚገባላቸው ዕቃ አየሩን ምን ያህል እንደበደለ መጠየቅ መጀመራቸውን ጅማ ከተማ በቾ ቦሬ ሰፈር ካለችው ሱቄ ሆኜ ሰምቻለሁ። በብረትና በሲሚንቶ ላይ ሲሠሩ በወጣው የካርቦን ጭስ ልክ ያስከፍላሉ አሉ። ቡና ደግሞ ደን ተጨፍጭፎ የተተከለ ከሆነ ጭራሹን አይገባም። እኔ ደስ አለኝ። አባቴ ዋንዛ ከሚቆርጡ ጣታቸው ቢቆረጥ የሚመርጡ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ካላለፉ ማን ሊያልፍ ነው ብዬ።

ለዚሁ ጉዳይ የቡና ማሳ የሚመዘግበው ሰው ታብሌት ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ወጣት ነበር። ማሳውን ዞሮ ከለካ በኋላ ጠየቀ።

«አባባ፣ እዚህ ጫካ መንጥረው ያውቃሉ?»

አባቴ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «ኤዬ፣ በየዓመቱ ነዋ! አልሐምዱሊላህ፣ ሳልመነጥር ያለፈኝ ዓመት የለም። ጎረቤት ጠይቅ።»

እሱ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ ስለ ጉብዝናቸው በመጠየቃቸው ደስ ሲላቸው አይቼ ፈገግ አልኩ። ምንም አልከነከነኝም።

ቡናው ደርቆ ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢዎቹ ማሳው ደን የተጨፈጨፈበት ተብሎ ተመዝግቧልና አንገዛም አሉን። ሱቄን ዘግቼ ከሰቃ ጅማ፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። እኛ ጋ ምንጣሮ ማለት አረም ማጨድ ነው፣ ደን መጨፍጨፍ አይደለም እያልኩ ለፈለፍኩ። ኑና ዋንዛዎቹን እዩ ብዬ ለመንኩ፤ የመጣ የለም። አንዱ ሹም ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «እትዬ፣ ራሳቸው ናቸው ያመኑት» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ጥበቃው እንኳ አፍሮ ፊቱን አዞረ።

ቡናው እቤት ተከምሮ ከረመ። የአገር ውስጥ ነጋዴ የሰጠን ዋጋ የለቃሚውን ድካም አይሸፍንም። አባቴ ምግብ ቀነሱ፣ ወሬም ቀነሱ። አንድ ጠዋት ሰው ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ አንድ ባለ መጋዝ ትልቁ ዋንዛ ሥር ቆሟል። ቡናው ተነቅሎ ጫት ሊተከል ነው፤ ጫት ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አባ፣ እባክዎ፣ ሌላ መላ እንፈልጋለን። ዋንዛዎቹን ይተዉአቸው።»

ክንዴን ይዘው አነሱኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «መንጥረዋል ብለውኝ የለ? ከእንግዲህ ቢያንስ ውሸታሞች አይባሉም።»

ለባለ መጋዙ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ከዚያ ዞር ብለው፣ ዛፉ እስኪወድቅ ድረስ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቆሙ።