ከተማ በለቅሶው ሲመረጥ

ዓባይነህ ልደታ ፍርድ ቤት ውስጥ ችሎት አስከባሪ ነው። ዋናው ሥራው ስም መጥራት ነው። ኮሪደሩ ላይ ይቆምና የባለጉዳዩን ስም ከነአባቱ ይጠራል፤ መልስ ከጠፋ ይደግማል፤ በሦስተኛው ድምፁ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ውስጥ ሻይ የሚጠጣውን ሁሉ ያስደነግጣል። ከዚያም በኋላ ዝም ከተባለ ወደ ውስጥ ይገባና «አልቀረበም» ይላል። ነገሩም ያለ ሰውዬው ይቀጥላል። ሰው ሲጠራ ኖሮ ኖሮ፣ ዘንድሮ ደግሞ የራሱ ተራ ደረሰና ጡረታ ጠራው።

ጡረታ የሚወጣ ሰው የሚያምረው ነገር አያልቅም። ዓባይነህን ያማረው ተራራ ላይ ያለች ከተማ ነው። ብርድ ያላት፣ የገብስ ማሳ ከደጇ የሚጀምር፣ የታክሲ ረዳት የማይጮህባት። ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታቸው የኪራይ ነው፤ በጡረታ ደመወዝ እዚያ መኖር የማይታሰብ መሆኑን ሚስቱ ቦሰናም ታውቃለች። ብርዱም መንገዱም አያስፈራትም። የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ በሆዷ የምትይዝ ሴት ስላልሆነች ደግሞ በየዕለቱ ትናገረዋለች።

«እዚህ ብሞት እድሬ ይቀብረኛል። ልጅ የለን፣ ዘመድ የለን። እዚያ ማን ሊቀብረኝ ነው?»

እድሯም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ጎረቤቱ እየተነሣ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ባለፈው ለቅሶ ድንኳን የሚተክል ጎልማሳ ጠፍቶ ሁለት ሽማግሌዎች ከምሰሶ ጋር ሲታገሉ አረፈዱ። ቢሆንም እድር እድር ነው፤ ቦሰና በቀላሉ የምትለቀው ነገር አይደለም። በመጨረሻ ፍርዷን ሰጠች።

«አየሩን አንተ እይ። እኔ ለቅሶውን አያለሁ።»

እንዲህ ተብሎ ተጀመረ። ቅዳሜ በጠዋት አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ ጥቁር ቀሚሷ በቦርሳ ውስጥ ነው። ከተማው እንደደረሱ ለቅሶ የት እንዳለ ይጠይቁና ገብተው ይቀመጣሉ። ለቅሶ ቤት የገባን ሰው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ደንቡን ያውቃሉና ተጠቀሙበት። እኔ ደግ አደረጉ አልልም። የሰው ሐዘን እንደ መርካቶ ጫማ እየዞሩ የሚያማርጡት ነገር አይደለም። ዓባይነህም በያንዳንዱ ድንኳን ውስጥ ላብ በላብ ይሆን ነበር፤ ግን ከቦሰና ፍርድ ይግባኝ የለም። በአንደኛዋ ከተማ፣ ስሟን ባላነሣ ይሻላል፣ ድንኳኑ ግማሹ ባዶ ነበር። በሁለተኛዋ ሰዉ ሞልቷል፤ አንድም የሚያለቅስ ግን አላየችም።

«በቆጂ የመጨረሻዋ ናት» አለች። «እሷም ካልሆነች ከጌጃ ሰፈር ንቅንቅ አልልም። አንተ ከፈለግህ ሂድ።»

ዓባይነህ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ሚስቱ የማትፈጽመውን ተናግራ አታውቅም።

በቆጂ ሲደርሱ ቀዝቃዛው አየር ፊቱን ነካውና ደስ አለው። ደስታውን ለመናገር እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ድንኳኑ ከመንገዱ ዳር ተተክሎ ሕዝቡ እስከ ውጭ ፈስሷል። ቦሰና ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወደፊት ተራመደች። ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ የእድር ሴቶች ትልልቅ ድስት ተሸክመው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ጌጃ ሰፈርም አንድ ጊዜ እንዲህ ነበር። ሆዷ ባባ። ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ያለቅሳል ይባላል፤ ቦሰናም ደጁ ላይ ቆማ ድምፅዋን ለቀቀችው።

ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ።

«ከየት መጣችሁ?» አለ ቦርሳውን የተቀበለው ሰው።

«ከአዲስ አበባ» አለ ዓባይነህ።

ጥፋቱ እዚች ላይ ነው፤ የተናገረውም እውነት ነው። ሰውዬው ዞሮ «መጣች! ከአዲስ አበባ መጣች!» ብሎ ጮኸ። ዓባይነህ አፉን ሳይከፍት ሰዎች ቦሰናን በሁለት በኩል ደግፈው አስከሬኑ ካለበት ሳጥን አጠገብ አደረሷት። ከል የለበሰች ሴት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ኑኃሚን! መጣሽለት! ከተጣላችሁ በኋላ ነው ያገባኝ፣ አታውቂኝም። ሎሚ ነኝ፣ የወንድምሽ የገብረጊዮርጊስ ሚስት።» ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻት። «እስከ መጨረሻው ስምሽን ሲጠራ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ በይው። እሱን ይስማና እንሸኘዋለን።»

ለቅሶው ቆመ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ ቦሰና አቀና። ቦሰና ግን ባሏን አየችው፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

አንድ ቃል ነው። እሺ ብትል ሎሚ ትጽናናለች፣ ሟች ተነሥቶ አይመሰክርባትም። እውነተኛዋ እህት በሚቀጥለው አውቶቡስ ብትወርድስ? ባትወርድስ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ዓባይነህ ምሎ የዋሸ ምስክር ከችሎት ሲወጣ እንዴት እንደሚሄድ ስንት ጊዜ አይቷል። እውነቱን ቢናገር ደግሞ ይችን ከተማ ብቻ ሳይሆን ሚስቱን ይዞ የሚወጣበትን መንገድ ሁሉ መዝጋቱ ነው። ሲናገር የወጣለት ያው የኮሪደሩ ድምፅ ነው፤ ሌላ የለውም።

«ይቅርታ አድርጉልን! ይቺ ቦሰና ናት፣ ሚስቴ። የሟች እህት አይደለችም። ጡረታ ልወጣ ስለሆነ የምንኖርበት ከተማ ስንፈልግ ነው የመጣነው። ሰው እንዴት እንደምትቀብሩ ልናይ ገባን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለራሱ ለዓባይነህም አስቀያሚ ሆኖ ተሰማው።

«ሐዘናችን ሲኒማ ነው?» ብሎ አንድ ጎልማሳ ከመቀመጫው ዘለለ። ሌሎችም ተነሡ። ሎሚ እጆቿን ከቦሰና እጅ ቀስ ብላ አወጣች። ቦሰናን ቢመቷት ይሻላት ነበር።

የእድሩ ዳኛ አቶ ነገሪ ከዘራቸውን አነሡ። «ተቀመጡ! በኛ እድር ድንኳን የገባ ሰው አይባረርም።» ይህን ሲሉ እንግዶቹን እንኳ አላዩአቸውም።

ተቀመጡ። ንፍሮ ሲዞር ለነሱም ተሰጠ፤ የሰጣቸው ሰው ፊቱን አዙሮ ነበር። የኑኃሚን ስልክ ደጋግሞ ተደወለ፤ ዝግ ነው። ትናንት ማታ «እመጣለሁ» ብላ ነበር ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አስከሬኑ ወጣ። ዓባይነህ ሹልክ ብሎ መሄድ አማረው፤ ቦሰና ግን ከሰልፉ ኋላ ተከትላ መራመድ ጀምራለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ላይ ነው፤ ከመቃብሩ ሆነው መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፍትሐቱ አለቀ። ሳጥኑ ሊወርድ ሲል ሎሚ «ትንሽ፣ ትንሽ ጠብቁልኝ» አለች። ጠበቁ። በመንገዱ ላይ የሚመጣ የለም። ቄሱ ሰማዩን አዩ፤ ደመናው ወርዷል።

አቶ ነገሪ ወደ ኋላ ዞሩ። «አንተ፣ ያ ድምፅ ያለህ። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ፍርድ ቤት ነኝ፣ ጌታዬ። የባለጉዳይ ስም እጠራለሁ።»

ሎሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «እንግዲያው ይጥሩልኝ» አለች። «እህቱ ሳትጠራ ተቀበረ እንዳይባል።»

ዓባይነህ ወደ መንገዱ ዞረ። «ኑኃሚን! የገብረጊዮርጊስ እህት!» ድምፁ ቁልቁል ወርዶ ጠፋ። ደገመው። ከታች ውሻ ጮኸ። በሦስተኛው የደረቱን ሁሉ አወጣ፤ እሱ ራሱ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ዝም። ከዚህ በኋላ በችሎት የሚባለውን አፉ ያውቀዋል፤ ከንፈሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። ሊለው አልቻለም።

«አቤት!»

ድምፁ የመጣው ከሴቶቹ ኋላ ነው። ቦሰና ነበረች። ማን እንደሆነች የማያውቅ እዚያ አልነበረም፤ ቢሆንም መንገድ ለቀቁላት። ሄዳ ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከች።

«እህትህ አይደለሁም» አለችው። «እሷ እስክትደርስ ግን ጠርተህ መልስ እንዳታጣ፣ አቤት ብዬሃለሁ። ይቅር ብላሃለች፤ ባትልህ ኖሮ እመጣለሁ አትልም ነበር።»

ሎሚ ጮኸችና አጠገቧ ወደቀች። ያን በድንኳኑ ያወጣችውን እጅ መልሳ ሰጠቻት። ሳጥኑ ወረደ። ያ «ሲኒማ ነው?» ያለው ጎልማሳ አፈር ሲመልስ ቆይቶ አካፋውን ምንም ሳይል ለዓባይነህ አቀበለው። ዓባይነህም ኮቱን አውልቆ አፈር መለሰ።

ከቀብር ሲመለሱ አቶ ነገሪ ከባልና ሚስቱ ጎን መጡ። ፊታቸው አሁንም እንደ ኮሶ ነው።

«እሺ» አሉ። «እንዴት እንደምንቀብር አያችሁ?»

መልሱን የሰጠችው ቦሰና ናት።

«አየን፣ አባቴ። እኔን እዚሁ ቅበሩኝ።»