ዞረው የሚያዩት ሾፌር

እናንተ የሰፈሬ ሰዎች፣ በአጎቴ ለቅሶ ድንኳን ካርታ እየተጫወታችሁ ስታሟቸው ሰምቻለሁ። «አንድ ቀን ሰው ገጭቶ አምልጧል፤ ደሙ ነው እንዲህ ሲያባንነው የኖረው» አላችሁ። ውሸታችሁን ነው!

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ዶሮ እንኳን ገጭተው አያውቁም። ሕመማቸው ግን ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር «ሰው ገጨሁ እንዴ?» ያሰኛቸው ነበር። ከቃሊቲ ተነስተን ቱሉ ዲምቱ እስክንደርስ አራት አምስት ጊዜ እንመለሳለን። እኔ ከጋቢና ወርጄ አስፋልቱን አያለሁ። «ማንም የለም፣ አጎቴ» ስላቸው ትንሽ ነድተው «በደንብ አይተሻል ግን?» ይላሉ። ያኔም እናንተ ትስቁ ነበር።

ሕመማቸውን ያየችላቸው ሐኪም ለሁለታችንም ነገረችን፤ እኔ ወርጄ ባየሁላቸው ቁጥር ጭንቀቱ ይብስባቸዋል እንጂ አይለቃቸውም። ተስማምተን መውረድ ተውኩ። «አንዴ ብቻ እዪልኝ» ሲሉኝ እምቢ እላለሁ። መሪውን ጨብጠው፣ ላብ አጥምቋቸው «አለሽ አይደል?» ይላሉ። «አለሁ» እላለሁ፤ ሌላ ቃል አልጨምርም። አንድም ጊዜ ሳንመለስ ቱሉ ዲምቱ የገባን ቀን መኪናቸውን ዳር አቁመው አለቀሱ። ስለዚያ ቀን እናንተ ምን ታውቃላችሁ?

አሁን «አለሁ» የምለው ሰው የለኝም።

ትናንት ወደ ኮዬ ፈጬ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውሻ ገጭቶ ላጥ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ያያል። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ከእናንተ አንዱ ከኋላ ወንበር ነበርና «እሷንም እንደ አጎቷ ጀመራት» ሲል ሰማሁት።

ይጀምረኛ! ወርጄ ውሻውን ከአስፋልቱ ላይ አነሳሁት።